የከተማ ስደተኛ ሲታመም ማን ያክመዋል? ማንስ ይከፍልለታል?

ስደተኛ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ድንበር አካባቢ የተደረደረ ድንኳን፣ የውኃ ቦቴና የራሽን ሰልፍ ነው። እውነትም ኢትዮጵያ ካስጠለለቻቸው አንድ ሚሊዮን ገደማ ስደተኞች አብዛኞቹ የሚኖሩት በጋምቤላ፣ በሶማሌ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በአፋርና በአማራ ክልሎች ባሉ መጠለያዎች ነው። ከ70 ሺህ በላይ የሚሆኑት ግን አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይተው፣ ከእኛው ጋር ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ። ጎፋ መብራት ኃይል፣ ቦሌ ሚካኤል፣ ጀሞ፣ የትም አሉ። የሚበዙት ኤርትራውያን ናቸው። የመናውያን፣ ሶማሊያውያን፣ ሱዳናውያን፣ ደቡብ ሱዳናውያን፣ ኮንጓውያንና ቡሩንዲያውያንም አብረዋቸው ይኖራሉ።

እነዚህ ጎረቤቶቻችን ሲታመሙ ምን እንደሚሆኑ ሲወራ ሁለት ተቃራኒ ነገር እንሰማለን። አንዱ ወገን «ዩኤን ሁሉን ይከፍልላቸዋል» ይላል። ሌላው «ስደተኛ እዚህ አገር የመታከም መብት የለውም» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሕጉ የሕክምናውን በር ከፍቷል፤ ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል ግን ሳይናገር ነው ያለፈው። ስደተኛው የሚወድቀው እዚያ ክፍተት ላይ ነው።

ለመሆኑ የከተማ ስደተኛ ማን ነው?

በሕጉ ስደተኛ ማለት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም በመሰል ምክንያት እንዳይሳደድ ፈርቶ፣ አለዚያም ጦርነት አፈናቅሎት የአገሩን ድንበር የተሻገረ ሰው ነው። ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለት ጥገኝነት ጠያቂ ይባላል። ከቤቱ ተነቅሎ በገዛ አገሩ ውስጥ ያለው ተፈናቃይ ነው፤ እንጀራ ፍለጋ ባሕር የተሻገረውንም በተለምዶ ስደተኛ እንበለው እንጂ በዚህ ሕግ አይዳኝም።

አዲስ አበባ ያሉት ስደተኞች ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ዕጣ የላቸውም። ሲታመሙ የሚጠብቃቸውን የሚለየው ወደ ከተማው የገቡበት መንገድ ነው።

አንደኞቹ በመንግሥትና በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን (ዩኤንኤችሲአር) ፈቃድ ከመጠለያ የተዛወሩ ናቸው። ለመዛወር ከሚያበቁት ምክንያቶች አንዱና ትልቁ ሕመም ነው፤ መጠለያው ውስጥም ሆነ በአቅራቢያው ባለ ሆስፒታል ሊታከም ያልቻለ ሕመም። መጠለያው ለሕይወታቸው የሚያሰጋቸውም ይዛወራሉ። እነዚህ በየወሩ መጠነኛ የገንዘብ ድጋፍ አላቸው፤ የሕክምና ወጪያቸውም በተወሰነ ደረጃ ይሸፈናል። እዚህ ላይ በቀላሉ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ይህ ቡድን ከመነሻው የታማሚዎች ስብስብ ነው። ልቡ የደከመ፣ ካንሰር የያዘው፣ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ተመርጦ ነው ወደ ከተማ የሚላከው። ስለዚህ የአንድ ሰው አማካይ የሕክምና ወጪያቸው ከሌላው ነዋሪ ቢበልጥ የሚያስገርም አይደለም።

ሁለተኞቹ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለኤርትራውያን በተፈቀደው ከካምፕ ውጭ የመኖር አሠራር የገቡት ናቸው። አሠራሩ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ስደተኛው ራሱን የሚችል ወይም የሚደግፈው ዘመድ ያለው መሆን አለበት። በምላሹ በፈለገው ከተማ ይኖራል፣ እርዳታ ግን አይጠብቅም። ብዙዎቹ ይህን ውል ሲገቡ ወጣትና ጤነኛ ነበሩ። ኑሯቸው የቆመው ስዊድን ያለ ወንድም ወይም ዱባይ የምትሠራ እህት በምትልከው ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ይበቃል እንጂ ለቀዶ ሕክምና የታሰበ አይደለም።

ሦስተኞቹ ወረቀት የሌላቸው ናቸው። ኢትዮጵያ ኤርትራውያንን በጅምላ በስደተኝነት የመቀበል አሠራሯን በጥር 2012 አቁማለች። ከዚያ በጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ፈነዳ፤ እዚያ ኤርትራውያን ይኖሩባቸው የነበሩት የሽመልባና የሕፃፅ መጠለያዎች ወደሙ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የያዙትን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሸሹ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ያልተመዘገበ፣ መታወቂያው ጊዜው ያለፈበት፣ ወይም የተመዘገበበት ቦታ ሌላ ሆኖ የቀረ ሰው አለ። ለእሱ ሕመሙ ብቻውን አይመጣም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማንነቱን መናገሩ ራሱ ያስፈራዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

ዓለም አቀፉ መሠረት የ1951 የስደተኞች ስምምነት ነው (ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አንቀጽ 23 ተዋዋይ አገሮች በሕጋዊ መንገድ ለሚኖሩባቸው ስደተኞች በሕዝብ ድጎማና እርዳታ ረገድ ከዜጎቻቸው እኩል እንዲያደርጉላቸው ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1962 ዓ.ም. ስትቀላቀል በአንዳንድ አንቀጾች ላይ ተዓቅቦ አድርጋለች፤ ለምሳሌ የቅጥር ሥራንና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን የሚመለከቱትን እንደ ምክር ብቻ እንደምትቀበላቸው አስታውቃለች። በአንቀጽ 23 ላይ ግን ተዓቅቦ አላደረገችም።

የአገር ውስጡ ሕግ በጥር 2011 የጸደቀው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ነው፤ የ1996ቱን አዋጅ ቁጥር 409 ተክቷል። በአዋጁ መሠረት የታወቀ ስደተኛም ሆነ ጥገኝነት ጠያቂ በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት አለው። ጥገኝነት ጠያቂውም መካተቱ ትልቅ ነገር ነው። በብዙ አገር ጉዳዩ ያልተወሰነለት ሰው ድንገተኛ ሕክምና ብቻ ነው የሚፈቀድለት።

ሕጉ «ያለውን አገልግሎት» ነው የሚለው። ዜጋው የሚከፍልበትን አገልግሎት ስደተኛውም ይከፍልበታል። ዜጋው መድኃኒት ሲያጣ እሱም ያጣል። ይህ እኩልነት ነው፤ ችግሩ ድሃ ዜጋ ወጪውን የሚቋቋምባቸው መንገዶች ለስደተኛው ያልተዘረጉ መሆናቸው ነው።

ጤና ጣቢያ ሲሄድስ?

እዚህ ደረጃ ላይ ነገሩ ከሚወራው የተሻለ ነው። ስደተኛ እንደማንኛውም ሰው በአካባቢው ጤና ጣቢያ ካርድ አውጥቶ ይታያል። የካርድና የምርመራ ክፍያው ከግል ክሊኒክ ጋር አይወዳደርም። በዚያ ላይ መንግሥት ለማንም ሰው ከክፍያ ነፃ ያደረጋቸው አገልግሎቶች አሉ፦ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የድኅረ ወሊድ እንክብካቤ፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቲቢ ምርመራና ሕክምና፣ የኤችአይቪ መድኃኒት። እነዚህን ለማግኘት ዜግነት መስፈርት አይደለም። ነፍሰ ጡር የሆነች ስደተኛ ለክትትል ስትመጣ «መጀመሪያ ከዩኤን ደብዳቤ አምጪ» ከተባለች የተጠየቀችው አሠራሩ የማይጠይቀውን ነው።

የሚያስቸግረው ወረቀቱና ቋንቋው ነው። ካርድ ክፍል የለመደው የቀበሌ መታወቂያ ነው። ስደተኞችን የሚመዘግበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት፣ የሚሰጠውን መታወቂያ አይቶ የማያውቅ ሠራተኛ በቀና ልብም ቢሆን ሊመልሰው ይችላል። ትግርኛና ሶማሊኛ የሚችል ሰው በከተማው አይጠፋም፤ በፈረንሳይኛ ወይም በስዋሂሊ ብቻ የሚግባባ ኮንጓዊ ግን ሕመሙን በእጁ እየጠቆመ ነው የሚያስረዳው። ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉመው እዚህ ተምሮ አማርኛ የለመደ ልጅ ነው። አንዲት እናት የማሕፀኗን ሕመም ወይም በመንገድ ላይ የደረሰባትን መደፈር በአሥር ዓመት ልጇ አፍ ለሐኪም እንድትናገር መገደዷ እጅግ ከባድ ነገር ነው። ሳትናገረው የምትመለስ አለች፤ የምትመለሰውም ከነበሽታዋ ነው።

የአእምሮ ጤናም እዚሁ ላይ ይነሳል። በሲና በረሃ ወይም በሊቢያ በአጋቾች እጅ የተሠቃየ ሰው እንቅልፍ አጥቶ ጤና ጣቢያ ቢመጣ የራስ ምታት ክኒን ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ወደ አማኑኤል ወይም ወደ ሌላ የአእምሮ ሕክምና እንዲላክ መጀመሪያ ጉዳቱን ተረጋግቶ የሚያዳምጠው ያስፈልጋል።

እውነተኛው ፈተና የት ላይ ነው?

ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ባለው መንገድ ላይ።

እንበልና ከካምፕ ውጭ በሚኖሩት ምድብ ያለች፣ ስኳር ያለባት ሴት ናት። ጤና ጣቢያው አይቷት ኩላሊቷ ስላሰጋው ሪፈር ይጽፍላታል። የመንግሥት ሆስፒታሉ ይቀበላታል፤ ስደተኛ ናት ብሎ አይመልሳትም። ሐኪሙ ላብራቶሪ ያዛል። ከታዘዘው ውስጥ ሁለቱ ምርመራዎች ሆስፒታሉ ውስጥ ለጊዜው አይሠሩም፤ ውጭ አሠርታ እንድትመጣ ይነገራታል። ማዘዣው ላይ ካሉት መድኃኒቶች አንዱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ አልቋል፤ የከተማ አስተዳደሩ በሆነው ከነማ ፋርማሲ ትሞክራለች፣ ከሌለ በግል ፋርማሲ ዋጋ ትገዛለች። ይህን መንገድ ማንኛውም አዲስ አበቤ ያውቀዋል። እስከዚህ ድረስ እሷና ጎረቤቷ አንድ ናቸው።

የሚለያዩት ገንዘቡ ሲያልቅ ነው። ጎረቤቷ ድሃ ከሆነች በወረዳዋ በኩል የነፃ ሕክምና ተጠቃሚ ልትሆን ትችላለች፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነች ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ያለውን ወጪ መድኑ ይሸፍንላታል። ሁለቱም መንገዶች የሚጀምሩት ከቀበሌ መታወቂያ ነው። ስደተኛዋ ያ የላትም። እርዳታ ከሚሰጣቸው ምድብም አይደለችም፤ ራሷን እንደምትችል ተስማምታ ነው ከመጠለያ የወጣችው። የሚቀራት ወደ ውጭ አገር መደወል ነው። ስኳርና ደም ግፊት ደግሞ አንዴ ታክሞ የሚተው በሽታ አይደለም፤ በየወሩ ይጠይቃል። በየወሩ መደወል የሚከብዳት ሴት ክኒኗን በሁለት ቀን አንዴ ማድረግ ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የድንገተኛ ክፍል፣ የአልጋና የኩላሊት እጥበት ወጪ ነው።

እርዳታ ከሚያገኙት ወገን ብትሆንም ሁሉም ነገር አይሸፈንላትም። ዩኤንኤችሲአር ከፍተኛ ወጪ ያላቸውን ሕክምናዎች የሚያጸድቀው በሪፈራል ኮሚቴ አማካይነት ነው። ከ2009 (በአውሮፓውያን) ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ በዋናነት ሁለት ነገር ይመዝናል፦ በሽተኛው ከታከመ የመዳን ዕድሉ ምን ያህል ነው? ወጪውስ ስንት ነው? አንዴ ተሠርቶ የሚድን ቀዶ ሕክምና በዚህ ሚዛን በቀላሉ ያልፋል። ዕድሜ ልክ የሚቀጥል የኩላሊት እጥበት ወይም ሥር የሰደደ ካንሰር የማለፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። ኮሚቴው የታማሚውን ስም ሳያውቅ በቁጥር እንዲወስን መደረጉ ለአድልዎ እንዳይጋለጥ ነው። ውሳኔው ግን በመጨረሻ ለአንድ ቤተሰብ ነው የሚነገረው፤ «አባታችሁ ዝርዝሩ ውስጥ አልገቡም» የሚለውን ቃል የሚሸከመውም ደብዳቤውን የሚያደርሰው ማኅበራዊ ሠራተኛ ነው።

ዩኤን ለምን የራሱን ሆስፒታል አይከፍትላቸውም?

መጠለያ ውስጥ እንዲያ ነው። እዚያ ለስደተኛው የተቋቋመ ጤና ጣቢያ አለ፤ ሕክምናው ነፃ ነው፤ ሐኪሙ ታማሚውን ያውቀዋል። ከተማ ላይ ግን ዩኤንኤችሲአር የሚከተለው መርሕ የተለየ ነው፦ የተነጠለ ክሊኒክ አይቋቋምም፤ ስደተኛው በመንግሥት ተቋም ከዜጋው ጋር ይታከማል። ምክንያቱም አሳማኝ ነው። በጎፋ፣ በቦሌና በየካ ተበታትነው ለሚኖሩ ሰዎች አንድ ክሊኒክ አይደርስም። ለስደተኛ ብቻ የተከፈተ፣ መድኃኒት የማያልቅበት ክሊኒክ ደግሞ መድኃኒት ካለቀበት ጤና ጣቢያ ጎን ቢቆም በጎረቤቶች መካከል ቅሬታ ይዘራል።

ስለዚህ ድርጅቱ አገልግሎቱን የሚያቀርበው በአጋሮች በኩል ነው። በአዲስ አበባ ከቆዩት አጋሮች አንዱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ነው። ገንዘቡ ሁሉ ግን በየዓመቱ ከለጋሽ አገሮች በፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ ቋሚ በጀት የለውም። ከድርጅቱ ገቢ ከመቶ አርባ ያህሉን ስትሰጥ የቆየችው አሜሪካ በጥር 2017 የውጭ እርዳታዋን ስታግድ ዩኤንኤችሲአር በዓለም ዙሪያ ሠራተኛና ፕሮግራም ለመቀነስ ተገዷል። እንዲህ ያለ ቅነሳ ሲመጣ ውድ የሆነው የሪፈራል ሕክምና ከመጀመሪያዎቹ ተነኪዎች አንዱ መሆኑ አይቀርም።

መድን ይህን ይፈታዋል?

ለብዙዎቹ ስደተኞች ከሚታዩት መንገዶች ሁሉ የሚሻለው ይህ ይመስለኛል።

ጤና መድን የሚሠራው እንደ እድር ነው። ሁሉም በጤናው ጊዜ ጥቂት ያዋጣል፤ ክፉ ቀን የመጣበት ከተጠራቀመው ይወጣለታል። እድር የሚቆመው ገና ሐዘን ያልገባባቸው ቤቶችም አባል ስለሆኑ ነው። ሬሳ የወጣበት ቤት ብቻ የሚመዘገብበት እድር አንድ ክረምት አይሻገርም። ኢትዮጵያ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሞክራ ጀመረች፤ ኋላ አዲስ አበባን ጨምሮ በስፋት ተዘረጋ። መደበኛ ቅጥር የሌለው ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ ቤተሰቡ በሙሉ በመንግሥት ተቋማት ይታከማል። መዋጮ መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይከፍልለታል።

ሌሎች አገሮች ስደተኛን እዚህ ውስጥ አስገብተዋል። ሩዋንዳ ከ2019 (በአውሮፓውያን) ጀምሮ በኪጋሊና በሁዬ ከተማ የሚኖሩ ስደተኞችን የዜጎቿ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል አድርጋለች፤ መዋጮውን የከፈለው ዩኤንኤችሲአር ነው። በናይሮቢም የከተማ ስደተኞች በኬንያ ብሔራዊ የሆስፒታል መድን ፈንድ፣ ፈንዱ በ2024 (በአውሮፓውያን) በሌላ እስኪተካ ድረስ፣ ሲመዘገቡ ቆይተዋል።

ለአዲስ አበባ ይህ ጥሩ ትምህርት ነው። ቀደም ብለን እንዳየነው እርዳታ የሚያገኘው ምድብ በሕሙማን የተሞላ ነው። እሱን ብቻ መድን ውስጥ ማስገባት ፈንዱን ያደርቀዋል። ከካምፕ ውጭ የሚኖረው ምድብ ግን በአብዛኛው ወጣት ነው፤ በየዓመቱ ከሚያዋጣው ያነሰ ነው የሚታከመው። ሁለቱ አብረው ከዜጎች ጋር ቢገቡ ሸክሙ ይቻላል። ወጣቱም ቢሆን ከውጭ የሚላክለትን ገንዘብ በሕመም ቀን በድንጋጤ ከሚበትነው፣ በዓመት አንዴ የታወቀ መዋጮ ቢከፍል ይመርጣል።

እንቅፋት ሆኖ የቆየው ምዝገባው ነው። መድኑ የሚመዘግበው ቤተሰብን በወረዳ ነዋሪነት ነው፤ ስደተኛው በወረዳው መዝገብ የለም። አሁን ስደተኞች የፋይዳ (የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ቁጥር ማግኘት መጀመራቸው አንዱን ቋጠሮ ይፈታል፤ ቢያንስ ባንክም ሆነ ካርድ ክፍል የሚያውቀው መታወቂያ ይኖራቸዋል። ሆኖም ፋይዳ ማንነትን ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። መድን ውስጥ መግባት የራሱን መመሪያ ይፈልጋል፤ መዋጮውን ማን እንደሚችልም መወሰን አለበት።

ወረፋችንን አያጣብቡም?

የተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ደጃፍ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የቆመ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ በቁጥር ይገኛል። አዲስ አበባ ውስጥ አራት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አለ፤ ስደተኛው ከመቶ ሁለት ገደማ ነው። ወረፋው የረዘመው ሐኪሙና አልጋው ለከተማው ሕዝብ ስለማይበቃ ነው፤ ስደተኛው በሙሉ ነገ ቢወጣ ሰልፉ የሚያጥረው በጥቂት ሰው ነው። በሌላ በኩል ክትባት ያመለጠው ሕፃን ወይም የቲቢ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው እዚያው ግቢ፣ እዚያው ታክሲ ውስጥ ከሌላው ጋር ነው የሚውለው። የኮቪድ ክትባት ሲመጣ ስደተኞች ከዜጎች ጋር በዕቅዱ የተካተቱት በዚሁ ምክንያት ነበር።

የማውቀው ስደተኛ ቢታመም ምን ላድርግ?

ድንገተኛ ከሆነ ወደሚቀርበው የመንግሥት ጤና ተቋም ውሰደው። ድንገተኛ ሕሙማን ቅድመ ክፍያ ሳይጠየቁ የመጀመሪያ እርዳታ ማግኘት አለባቸው፤ ይህ ለማንም ነው። ድንገተኛ ካልሆነ በሚኖርበት አካባቢ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምር። በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ጊዜም ገንዘብም ያባክናል፤ እርዳታ የሚያገኝ ከሆነም ሪፈር የሌለው ሕክምና ሂሳቡ ላይሸፈን ይችላል። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲመጡ ስደተኛውም ቤት እንዲገቡ ንገራቸው። ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ያላት ከሆነች የምትፈልገው አብዛኛው አገልግሎት ያለክፍያ ነው።

መታወቂያው ጊዜው ከማለፉ በፊት እንዲያሳድስ አስታውሰው። የሪፈር ወረቀት፣ የምርመራ ውጤትና ደረሰኝ አይጣል፤ ኮሚቴም ሆነ አጋር ድርጅት የሚያየው እሱን ነው። አማርኛ የምትችል ከሆነ አብረኸው ግባ፤ የሴት ሕመም ከሆነ ሴት ትግባላት።

ልጅ ከተወለደ ደግሞ ሆስፒታሉ የሚሰጠው የልደት ማሳወቂያ ወረቀት በጥንቃቄ ይያዝ። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ስደተኞችም በኢትዮጵያ ልደትን ማስመዝገብ ይችላሉ። ወላጆቹ የልደት ምስክር ወረቀቱን ካወጡ በኋላ ሕፃኑን ስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ዘንድ ባለው የቤተሰብ መዝገብ ላይ ማስጨመር አለባቸው። ስሙ እዚያ ያልገባ ሕፃን ነገ ሪፈር ሲያስፈልገው ወላጆቹ ሁሉንም ወረቀት እንደ አዲስ መጀመር ይኖርባቸዋል።